የድሬዳዋ የድሮው ባቡር ወርክሾፕ ለሁሉም ክፍት የጋራ ወርክሾፕ ቢሆንስ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ በተለይ የድሬ ልጆች። ሻይ ላይ ስናወራው የኖርነውን ነገር እስቲ እዚህ በደንብ እንነጋገርበት።

ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን የድሮውን ወርክሾፕ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩን እዚያ ድረስ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሆነ። መስመሩ ቆላውን ይዞ ቀረ፣ ከተማችንም በጣቢያውና በወርክሾፑ ዙሪያ በቀለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ቆይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። የተሰበረ አክስል፣ የተበላ ጎማ፣ የሚያፈስ ቦይለር የሚጠገነው እዚሁ ድሬ ነበር። ብረት እያዞረ የሚቀርጸው ቶርኖውም፣ ብረት ማቅለጫውም፣ የባቡር ጎማ የሚያስተካክለው ትልቁ ማሽንም እዚያ ግቢ የተሰበሰቡት ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ በሌላ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ መጣ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር ልጠገን ቢል እንኳ ወደዚያ ግቢ መግባት አይችልም። ግቢው ከነዕቃው እየተረሳ ነው።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከግቢው አንዱ አዳራሽ፣ ሁሉም ሳይሆን አንዱ ብቻ፣ ለከተማው ሰው ክፍት የሆነ የጋራ ወርክሾፕ ይሁን። በውጭ አገር ሜከርስፔስ የሚሉት ዓይነት። ብረት ሥራ፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ከፕላስቲክ ክር ዕቃ የሚሠራው ስሪዲ ፕሪንተር አንድ ጣሪያ ሥር። ትንሽ ክፍያ ትከፍላለህ፣ ትሠለጥናለህ፣ ከዚያ ገብተህ የራስህን ነገር ትሠራለህ። የቀረው ግቢ እንደ ቅርስ ይጠበቅ፣ የባቡሩ ሥራም ካለ ይቀጥል።

ሕንፃው ይችላል? ማን ያስተዳድረው? በምን ገንዘብ? የምታውቁትን አምጡ።

ባጃጅ ጠጋኝ፦
አቦ ይሄ ነገር እውን ከሆነ መጀመሪያ የምመዘገበው እኔ ነኝ። ቡሺንግ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት ማለት ነው፣ ሲበላ አዲሱ ወይ ገበያ ላይ ይጠፋል ወይ ዋጋው ይሰቀላል። ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀርጻለሁ። ቶርኖ ቤቱ ደግሞ ለትልልቅ መኪና ቅድሚያ ይሰጣል፣ አልፈርድባቸውም፣ ደህና የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። የኔ ትንሽዬ ብረት ተራዋ እስኪደርስ ባጃጁ ይቆማል። ሾፌሩ የቀን ገቢው ቀረ ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ማሽኑን ራሳችን እንነካለን ወይስ ባለሙያ ነው የሚሠራልን? ባለሙያ የሚሠራልን ከሆነ ሌላ ቶርኖ ቤት ከፈታችሁ እንጂ የጋራ ወርክሾፕ አይባልም።

የከዚራ ልጅ፦
ራስህ ነህ የምትነካው። ዋናው ነገር እሱ ነው። ባለሙያው የሚቆመው ሊያስተምርህና ሊቆጣህ ነው።

ጣሪያና ግድግዳ፦
የድሮ ሕንፃ ጥገና ላይ የምሠራ አርክቴክት ነኝ። ግቢውን ለጉብኝት ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ምህንድስናዊ ምርመራ ግን አላደረግኩም። ስለዚህ የምናገረው እንዲህ ያለ ሕንፃ በጠቅላላው የሚጠይቀውን ነው።

የድሮ የኢንዱስትሪ አዳራሽ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ወለሉ ከባድ ማሽን እንዲሸከም የተሠራ ነው። መሐል ላይ ግድግዳ ስለሌለ እንደፈለጋችሁ ትከፋፍሉታላችሁ። በድሬ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ይህን የሚያህል ከፍታ በገንዘብ አይገዛም። ዛሬ ይሠራ ቢባል ማንም እንዲህ አድርጎ አይሠራውም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ። ሰው ሕንፃ ሲረከብ መጀመሪያ ቀለም ይቀባል። እባካችሁ ቀለሙ የመጨረሻ ይሁን። መጀመሪያ ጣሪያውን የተሸከሙት ብረቶች ይታዩ። ዝገት ከላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። መጋጠሚያው ላይ፣ ቡሎኖቹና ሪቬቶቹ ያሉበት ቦታ፣ ውሃ ተኝቶ ከውስጥ ይበላዋል። በመዶሻ መታ መታ እያደረገ የሚመረምር የስትራክቸር መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል። ከታች ቆሞ በስልክ ፎቶ አንስቶ “ደህና ነው” የሚል ሰው አይበቃም።

ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን በተሠሩ ሕንፃዎችና ማሽኖች ላይ አስቤስቶስ የሚባለው እሳት የማይበላው ጭረታም ማዕድን ብዙ ጊዜ ይገኛል። የጣሪያ ክዳን ላይ ሊሆን ይችላል፣ የእንፋሎት ቧንቧ መጠቅለያ ላይ ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ከተቀመጠ አደጋው ትንሽ ነው። ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፋቅ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ በሽታው የሚወጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ምን እንደሆነ የማታውቁትን ክዳን በትራፓን አትብሱ። የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ። የድሮ ትራንስፎርመር ካለ ዘይቱ ሳይመረመር ማንም አይክፈተው።

ሦስተኛ፣ ንጹሑንና ቆሻሻውን ሥራ ለዩ። ግራይንደር የሚያረጨው የብረት ብልጭታ የእንጨት ብናኝ ላይ ካረፈ እሳት ነው። ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ሲጨስ ቆይቶ የሚነሳ እሳት። ብየዳና ግራይንደር በአንድ ጫፍ፣ እንጨት በሌላ ጫፍ፣ ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ በር ያለው ክፍል ውስጥ።

ደግሞ የ1998ን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚረሳ የድሬ ሰው የለም። አዳራሹ ከወንዙ ቢርቅም የኤሌክትሪክ ሳጥኖቹ ከወለሉ ከፍ ይበሉ። ወጪው ያው ነው።

ሼድ አይቻለሁ፦
ቀዝቃዛ ውሃ የምቸልስ አይምሰላችሁ። ከተማችንን እወዳለሁ፣ ለዚህም ነው የምናገረው።

ድሬ ሼድ አላጣችም። ለተደራጁ ወጣቶች የተሠሩ ሼዶች ሞልተዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆነ። ከዚያ ሌላ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ፣ ቶርኖም ብየዳም ያስተምራሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ምንድን ነው? ርክክቡ ላይ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ቆየት ብለህ ስትሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ደግሞ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ ያ ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ውስጥ ያለው ማሽን ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

ሌላ ሕንፃ መጨመር ይህን አይፈታም። ሕንፃውን ትታችሁ እስቲ ይህን መልሱልኝ፦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩን የሚከፍተው ማነው? ደሞዙን ማን ይከፍለዋል? ቁራጭ ቢሰበር ማን ይገዛል? ይህ ካልተመለሰ የተረሳውን ግቢ በታደሰ ግቢ ተካችሁት ማለት ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ጥያቄህ ልክ ነው፣ አልሸሸውም። ግን አንድ ልዩነት አለ። ባዶ ሼድ ሰጥተውህ “ሥራ” ሲሉህና ማሽኑም ማሽኑን የሚያውቁት ሰዎችም ያሉበት ቦታ ስትገባ አንድ አይደለም። ድሬ ውስጥ የሌላ ከተማ ገንዘብ የማይገዛው ነገር እነዚያ ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸው እየሄደ ነው። ማሽኑ አሥር ዓመት ቢቆም ይጠብቀናል። እነሱ አይጠብቁንም። እኔን የሚያጣድፈኝ ይህ ነው።

ጡረተኛው ሸመንደፈር፦
ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ይህን አሳየችኝ፣ የምለውን እሷ ነች የምትጽፍልኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚያ ግቢ ውስጥ ነው። በተማሪነት ገብቼ ነው በጡረታ የወጣሁት።

መጀመሪያ የምለምናችሁ ማሽኖቹን ከቦታቸው እንዳታነሱ ነው። “አዳራሹን እናጽዳ፣ ወደ ጥግ እንግፋቸው” የሚል ሰው ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። ትልቁ ቶርኖ መሠረቱ ላይ በቡሎን ታስሮ ሚዛኑ ተጠብቆ ነው የቆመው። ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት አልጋው በፀጉር ያህል ይጣመማል። በዓይን አይታይም። የምትቀርጹት ዘንግ ግን በአንድ ጫፍ ወፍራም በሌላው ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ማሽኑ አርጅቷል ትላላችሁ። ማሽኑ አላረጀም፣ ሰው ነው ያጣመመው።

ሁለተኛ፣ በቶርኖ አትጀምሩ። እኛን መጀመሪያ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ ላይ ነው ያቆሙን። አንድ ቁራጭ ብረት ይሰጡሃል፣ ሞረድ ይሰጡሃል፣ አራት ማዕዘን አድርገው ይሉሃል። ትሞርዳለህ። አለቃው ይመጣና ስኳድራውን፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ ብረቱ ላይ ያስደግፋል፣ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል። በስኳድራውና በብረቱ መሐል ብርሃን ከገባ ምንም ሳይናገር ብረቱን ያስቀምጥና ይሄዳል። አንተ እንደገና ትጀምራለህ። ትከሻህ ይቃጠላል። ብርሃኑ የጠፋ ቀን ግን እጅህ ብረት ያውቃል። ከዚያ በኋላ ቶርኖ ላይ ስትቆም ማሽኑ ሲያቃስት ትሰማዋለህ፣ መቼ ቀስ እንደምትል ማንም አይነግርህም።

ሦስተኛ፣ ማሽኖቹ ብዙዎቹ የፈረንሳይ ናቸው። ፈረንሳይ በሚሊ ሜትር ነው የሚለካው። ስለዚህ የሚሊ ሜትር የቡሎን ጥርስ ለማውጣት ችግር የለም። ድሬ ላይ ግን የውሃ ቧንቧው ሁሉ በኢንች ነው። በሚሊ ሜትር ቶርኖ የኢንች ጥርስ በትክክል ለማውጣት 127 ጥርስ ያለው ጊር መግባት አለበት። አምስት ኢንች 127 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጡትን ጊሮች እንደ ቁርጥራጭ ብረት ቆጥሮ በኪሎ የሚሸጥ ሰው እንዳይገባ ጠብቁ። ያ አንድ ጊር ከሄደ ግማሽ ሥራችሁ ሄደ።

እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔም ደክሟል። መቀመጫ ከሰጣችሁኝ ግን ማስተማር እችላለሁ። እንደኔ ያሉ ጓደኞችም አሉ፣ ጧት ጧት እንገናኛለን።

ባጃጅ ጠጋኝ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ወላሂ ወንበሩን ከቤቴ ተሸክሜ አመጣለሁ።

ሦስት ፌዝ፦
ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ጋሼ ካሉት ቀጥሎ ሰው የሚገድለው ነገር ስለሆነ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

የድሮ ማሽኖች ብዙዎቹ የሚበሩት በእጅ በሚገፋ ማብሪያ ነው። ማብሪያው እንደበራ መብራት ይሄዳል። ሠራተኛው ማሽኑ ቆሟል ብሎ እጁን ያስገባል፣ ብረቱን ያስተካክላል። መብራት ድንገት ይመጣል። ማሽኑ በራሱ ይነሳል። በኛ አገር መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። እያንዳንዱ ማሽን በኮንታክተር ይነሳ። መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ ይለቃል። ሲመለስ አረንጓዴውን ቁልፍ ሰው ካልተጫነ ማሽኑ አይነሳም። ከዚያ በተጨማሪ እጅ በሚደርስበት ቦታ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ፣ ለየማሽኑ የራሱ ብሬከር፣ ለአዳራሹ በሙሉ አንድ ዋና ማጥፊያ በሩ አጠገብ። ኧርዝ በትክክል ተቀብሮ ይለካ። ባለ 380 ቮልት መስመር ላይ “በኋላ እናደርገዋለን” የሚባል ነገር የለም።

ደግሞ የድሮውን ሽቦ አትመኑት። በጨርቅ የተጠቀለለ ወይ ጎማው የደረቀ ሽቦ ሲነካ ይፈረፈራል። አሮጌው ሳጥን ለታሪክ ግድግዳው ላይ ይቆይ፣ መስመሩ ግን ከሥሩ አዲስ ይሁን። ከምታስቡት ገንዘብ ትልቁን የሚበላው ይህ ነው፣ አሁኑኑ እወቁት።

ቦስተን ያለሁ፦
የድሬ ልጅ ነኝ፣ ቦስተን አካባቢ ነው የምኖረው። እዚህ ያየሁትን ልጨምር፣ ሼድ አይቻለሁ ለጠየቀው ጥያቄ ይረዳል ብዬ ነው።

አርቲዛንስ አሳይለም የሚባል የጋራ ወርክሾፕ አለ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሰመርቪል የምትባል ከተማ ውስጥ ነው የተመሠረተው። ብዙ ዓመት የሠሩት የድሮ የኤንቨሎፕ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ነበር። አሁን ኦልስተን ወደሚባል ሰፈር ተዛውረዋል። ትርፍ የማይከፋፈል ድርጅት ነው። ገቢው ከአባልነት ክፍያ ብቻ አይደለም፣ ከሥልጠና ይመጣል፣ አባላት ከሚከራዩት ትንንሽ የመሥሪያ ቦታ ይመጣል፣ ከእርዳታም ይመጣል። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይይዘዋል።

በተቃራኒው ቴክሾፕ የሚባል ድርጅት ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ተጀምሮ በተለያዩ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ። ማሽኑ የሚያስጎመጅ፣ ቦታው የሚያምር። ንግድ ነበር፣ በአባልነት ክፍያ ኪራዩንና ደሞዙን መቻል አቃተው። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ሁሉንም ዘጋ። አባላቱ ጧት ሲመጡ በሩ ተቆልፏል። ውስጥ የራሳቸው ዕቃ፣ ያልጨረሱት ሥራ ነበር።

የኔ አስተያየት፣ ብዙ ማሽን ገዝቶ መጀመር አደጋ ነው። እዚህ ካሉ ሰዎች ዶላር አሰባስቦ ሌዘር መቁረጫ መላክ ይቻላል። ግን ሌዘሩን የሚጠግነው ሰው ከሌለ ሌላ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ማሽን ይሆናል። ቶጎ ሎሜ ውስጥ ዎላብ የሚባሉ ወጣቶች ከተጣለ ኮምፒውተርና ስካነር ስሪዲ ፕሪንተር ሠርተዋል። የሠሩት ሰዎች መጠገንም ያውቁታል። ከዚህ መላክ ያለብን ውፍረት የሚለካ ዲጂታል ካሊፐር፣ ጥሩ መቁረጫ ቢላ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ነው።

ኢንጂነሪንግ ተማሪ፦
ሰላም። ሴት ነኝ፣ ሜካኒካል ነው የምማረው። ስለ ቦታው ሁላችሁም ተናገራችሁ፣ ስለ ሰዓቱ ማንም አልተናገረም።

የምማርበት ቦታ ወርክሾፕ አለ። በሥራ ሰዓት ይከፈታል፣ በሥራ ሰዓት እኛ ክፍል ውስጥ ነን። ስንወጣ ይዘጋል። በልምምድ ሰዓት ደግሞ ብዙ ሆነን አንድ ማሽን እንከባለን። የሚነካው አንዱ ነው፣ ሌላው ያያል። የሚነካው ብዙ ጊዜ ሴት አይደለችም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ድሬ ላይ ቀን በዚያ ሙቀት ብየዳ አይሠራም። በሩ ማታ ማታ ይከፈት፣ ጧትም ማልዶ። ማታ ከሆነ ግን መውጫው ላይ መብራት ይኑር፣ ለሴቶች መጸዳጃ ይኑር። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ እሱ ከሌለ ቤተሰብ አይልከንም።

ሁለተኛው የሻሽና የሂጃብ ነገር ነው። ቶርኖ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ አደጋ ነው፣ እጅጌም፣ ጓንትም፣ የአንገት ሐብልም እንደዚያው። አንዳንድ ቦታ መልሱ “እንግዲያው አትግቢ” ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። ልክ ያለ፣ አንገት ላይ የሚጣበቅ የሥራ ሂጃብ፣ ጫፉ ቱታው ውስጥ የሚገባ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ የመጀመሪያዎቹን እሷ ትሰፋለች።

ሦስተኛ፣ የፕሪንተሩ ክር። ፒኤልኤ የሚባለው ክር ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ዕቃ ተጣሞ አግኝቼዋለሁ። ለድሬ ፔትጂ የሚባለው ይሻላል። ሌዘር ከመጣ ደግሞ ፒቪሲ ፕላስቲክ እንዳይቆረጥበት፣ ክሎሪን ያለበት መርዛማ ጭስ ነው የሚወጣው።

የሕግ ሰው፦
ባለቤትነቱን ማንም አላነሳውም። የድሮው ባቡር ድርጅት የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሆኖ ነው የኖረው። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ብቻውን “ውሰዱ” ቢላችሁ ደስ ብሎአችሁ አትግቡ። ንብረቱን በሕግ የያዘው አካል በጽሑፍ መስማማት አለበት።

ቅርስን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ግቢው በቅርስነት ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ በር ማስፋት፣ ግድግዳ ማፍረስ አይቻልም። ይህ እናንተን የሚጠቅም ነገር ነው። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ አፍርሼ ፎቅ ልሥራ ቢል የሚያቆመው ይኸው አዋጅ ነው። ስለዚህ ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለአደረጃጀቱ አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን እዩ። አገር በቀል ሲቪል ማኅበር ሆናችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፣ ዓላማችሁን የሚደግፍ ገቢ ማስገኛ ሥራም ይፈቀዳል። ገቢውን ግን አባላት አይከፋፈሉትም። ቦስተን ያለው ወንድማችን እንዳለው ማለት ነው።

ውሉ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፣ ዓመቱን። ለሦስት ዓመት በተሰጠ ቦታ ማንም የኤሌክትሪክ መስመር ከሥሩ አይቀይርም። አሥር ዓመት ያህል ጠይቁ። ሲወጡ የታደሰው የማን ነው፣ ማሽን ቢበላሽ ተጠያቂው ማነው፣ ሰው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ የት ነው፣ ሁሉም ይጻፍ። የማሽኖቹ ዝርዝር ከነፎቶው ከውሉ ጋር ይያያዝ። ጋሼ ያሉት ጊርም በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ከሐረር፦
እኛም ጎረቤቶች ነን፣ አትርሱን። ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲዎች ስንት ዘመን እንዳገለገሉ ታውቃላችሁ። ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆየ፣ መኪናውን ያቆየው የሐረርና የድሬ መካኒክ እጅ ነው። አባቴ የሚፈልገውን ዕቃ ናሙናውን ይዞ ድሬ ይወርድ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር የነዚያን ዕቃዎች ልክ ወስዶ ሥሎ ማስቀመጥ ይቻላል። አሁን ልኩ ያለው በመካኒኮቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ሼድ አይቻለሁ፦
ሁሉንም አነበብኩ። የጋሼን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተቃውሞዬ በግማሽ ወርዷል፣ ግማሹ አለ። በሩን የሚከፍተው ማነው ያልኩት አሁንም አልተመለሰም። የሒሳብ ሰው ነኝ። የመብራቱን፣ የጥበቃውን፣ የአንድ ቋሚ ሠራተኛ ደሞዝና የመቁረጫ ቢላውን ወጪ አስልቼ ላመጣ እችላለሁ። ቁጥሩ ካልወጣ እላችኋለሁ፣ አላባብላችሁም።

የከዚራ ልጅ፦
እሱን ነው የምንፈልገው፣ እባክህ አስላልን።

እስከዚያ ሕንፃውን ሳንጠብቅ የሚጀመረውን እንጀምር። አርክቴክቷ እንዳለችው ጣሪያው ሳይመረመር ማንም አዳራሹ ሥር አይሠራም። የሞርሳና የሞረድ ሥልጠና ግን አዳራሽ አይፈልግም። ጥላ ያለበት ግቢ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ሞርሳ ይበቃዋል። እዚያ የሚጸና ሰው ካገኘን ባለቤቶቹ ጋር ስንቀርብ ባዶ እጃችንን አንቀርብም። ካልተገኘ ደግሞ ትልቁን ወጪ ሳናወጣ እናውቀዋለን።

የጋሼንና የጓደኞቻቸውን ትምህርት በስልክ እንቅረጸው። እየሠሩ፣ እጃቸው እየታየ፣ ድምፃቸው እየተሰማ። ተማሪዋ የሥልጠናውን ሰዓት ብታወጣልን ደስ ይለኛል፣ ለሁሉም የሚመች እንዲሆን።

ጋሼ፣ ለመጀመሪያው ሥልጠና ምን እንግዛ? እርስዎ ይዘዙን።

ጡረተኛው ሸመንደፈር፦
ሞርሳ ስትገዙ ጠንካራ ብረት ሆኖ መንጋጋው የሚቀየር ይሁን። ቀለሙ የሚያብለጨልጨውን ርካሽ አትግዙ፣ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። ቁመቱ የሠራተኛው ክርን ላይ ይድረስ፣ አጭር ልጅ ካለ እግሩ ሥር ጣውላ አድርጉለት። ሞረድ ሻካራና ለስላሳ፣ ከነእጀታው፣ እጀታ የሌለው መዳፍ ይወጋል። የሽቦ ብሩሽም ግዙ፣ ጥርሱ ብረት የጎረሰ ሞረድ ይቧጭራል እንጂ አይሞርድም። ስኳድራ ግን አትግዙ። የኔ አለ፣ ቀጥ ያለ ነው፣ እሱን ይዤ እመጣለሁ።